ተርብ ቤታችን ላይ ቤት ስትሠራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለ ተርብ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ጎጆው ኳስ ካከለ በኋላ ነው። «ትናንት አልነበረም እኮ!» ይላል። ነበረ። ትናንት ብቻ ሳይሆን ከወር በፊትም ነበረ፤ ያኔ የጣት ጫፍ ስለሚያክል ማንም አላየውም። ከታች ያሉት መልሶች ዞረው ዞረው ሁለት ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ቶሎ ማየት፣ እና እጅን ከመስደድ በፊት የትኛዋ ተርብ እንደሆነች ማወቅ። እኔ ሁለቱንም የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

ያየሁት ንብ ነው ወይስ ተርብ?

ንብ ደንደን ያለችና ፀጉራም ናት። ቀለሟ ወደ ቡኒ ያደላል። እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት ጠቅልላ ስትበር ማየት የተለመደ ነው። ተርብ ግን ፀጉር የላትም ማለት ይቻላል፤ ሰውነቷ ቫርኒሽ እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ወገቧ ደግሞ ሊበጠስ የደረሰ ነው የሚመስለው። ስታርፍ ክንፎቿን በቁመታቸው ስለምታጥፋቸው ቀጭን ዘንግ ይመስላሉ።

ይህን መለየት ለእውቀት ብቻ አይደለም። ዛፍ ወይም አጥር ላይ በሺዎች ሆነው እንደ ጆንያ የተንጠለጠሉ ነፍሳት ድንገት ካያችሁ፣ ያ የንብ መንጋ ነው። አዲስ ቤት እየፈለገ ያረፈ መንገደኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሄዳል። ፍሊት አትንፉበት። ንብ አናቢ ጥሩ፣ ደስ ብሎት ይወስደዋል።

እንጨት ላይ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ የምትቦረቡረው ትልቅ ጥቁር ነፍሳትም ተርብ አይደለችም። እሷም የንብ ወገን ናት። ከቀዳዳው ሥር የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ነገር ካለ እሷ ናት።

አንዲት ተርብ ሳሎን ገባች። ጎጆ አለ ማለት ነው?

አይደለም። ተርብ ምግብ ፍለጋ ከጎጆዋ ብዙ መቶ ሜትር ርቃ ትሄዳለች። መብራቱን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ብርሃኑ ትወጣለች። በፎጣ ማሳደድ አያስፈልግም።

መስኮቱ ተዘግቶ እያለ በአንድ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ሁለት ሦስት ተርብ የምታገኙ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከውጭ አይደለም የሚመጡት። ከኮርኒሱ ወይም ከግድግዳው ውስጥ ነው።

ጎጆ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

በመፈለግ ሳይሆን በመቀመጥ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወንበር አውጡና ከቤቱ ራቅ ብላችሁ አሥር ደቂቃ ብቻ ተቀመጡ። ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ምግብ የምትፈልግ ተርብ ትዞራለች፣ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ወደ ጎጆዋ የምትመለስ ተርብ ግን ሥራ እንደረፈደባት ሰው ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ሁለት ሦስቱ ወደ አንድ ነጥብ ቀጥ ብለው ከገቡ፣ ከዚያው ነጥብ ሌሎች ከወጡ፣ አገኛችሁት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኑ ከፊታችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ብትቀመጡ መስመራቸው የበለጠ ይታያል።

የመጀመሪያው ምልክት ግን ከዚህም ይቀድማል። እኔ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው። ጠዋት ነው፣ ዝም ያለ ሰዓት። ከአሮጌው የእንጨት አጥር አንድ ነገር «ክርር… ክርር…» ይላል። ጠጋ ስል አንዲት ተርብ ጭንቅላቷን ደፍታ፣ በአፏ እየፋቀች፣ ደረጃ በደረጃ ወደኋላ ታፈገፍጋለች። ስትነሳ መንጋጋዋ ላይ እንክብል ይዛለች። ቀለም ያልተቀባው ግራጫ እንጨት ላይ የክብሪት እንጨት የሚያክል ነጣ ያለ መስመር ቀርቷል። ቀና ብዬ አጥሩን ሳየው እንደዚያ ያለ መስመር በብዛት አለ። ከሳምንታት በፊት ነው የጀመሩት ማለት ነው። የፋቀችውን እንጨት በምራቋ አላውሳ ነው ጎጆዋን የምትሠራው፤ ጎጆው በትክክል ወረቀት ነው። አጥር ላይ እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ጎጆው ሩቅ ላይሆን ይችላል።

በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ያለው ደግሞ ማታ ይሰማል፤ ወረቀት እንደሚታሽ ያለ ድምፅ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ወይም እርጥብ የሚመስል ቦታ ካወጣ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ አትሞክሩት። ተርቦቹ ቦታ ለማስፋት ከውስጥ ፍቀውት የቀረው ቀለሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ተርብ አንድ አይደለም እንዴ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በአንደኛዋ ሥር ወር ሙሉ መመላለስ ትችላላችሁ፤ ሌላኛዋ ግን የሣር ማጨጃ ድምፅ ብቻ ይበቃታል።

የወረቀት ተርብ የምትባለው ረጅም እግርና ቀጭን ወገብ ያላት ናት። ጎጆዋ ክዳን የለውም፤ የተገለበጠ ጃንጥላ ይመስላል። በአንድ ቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ፣ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎቹ ወደታች ክፍት ሆነው ይታያሉ። ያችን ዘንግ ጉንዳን የሚያባርር ነገር ትቀባታለች፤ ጠላቷ በዚያች መንገድ ብቻ እንደሚመጣ ታውቃለች መሰለኝ። በአንድ ጎጆ ላይ የሚኖሩት ብዙ ጊዜ በአሥር የሚቆጠሩ ናቸው። ካልነኳት ወይም ጎጆዋን ካላናወጡባት እምብዛም አትተናኮልም።

ሁለተኛዋ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ አጠር ያለች፣ ፈጣን ናት። ጎጆዋ ዙሪያውን በወረቀት የተሸፈነ ነው፤ መግቢያው አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ። አሮጌ የአይጥ ጉድጓድ ትወዳለች፤ የግድግዳ ባዶም፣ የጣሪያ ሥርም ትወዳለች። በአንድ ጎጆ በሺዎች ሊደርሱ ይችላሉ። ሳህን ላይ የምታርፈውም፣ የቆሻሻ መጣያ የምትወረውም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ጎጆዋ አጠገብ አንዷን ብትጨፈልቁ የምታወጣው ሽታ ለሌሎቹ የማንቂያ ደወል ነው። ከዚያ በኋላ እንደተነካ ቀፎ ነው።

ሦስተኛዋ ግዙፏ ናት። በእስያ የምትኖረው ትልቋ ዝርያ ርዝመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ የሚያንሱት ዘመዶቿም ቢሆኑ ስትበር ድምፃቸው ብቻ ያስደነግጣል። ጎጆዋን ዛፍ ላይ ወይም የዛፍ ባዶ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጣሪያ ሥር ትሠራለች። የእሷን ጎጆ በራስ እጅ ለማንሳት የሚያስብ ሰው ካለ እንደገና ያስብ።

አራተኛዋ ብቸኛዋ ናት። ሠራዊት የላትም፣ ስለዚህ የሚሞትለት ጎጆም የለም። የሚቀጥለው ጥያቄ የሷ ነው።

ግድግዳዬ ላይ የጭቃ ቱቦ የሚመስል ነገር ተለጥፏል። አደገኛ ነው?

ለእናንተ አይደለም። ለሸረሪት ግን ነው። የጭቃ ተርብ በአፏ ጭቃ እያመላለሰች ቱቦ ትሠራለች። ሸረሪት ነድፋ ታደነዝዝና ታስገባበታለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ትደፍነዋለች፣ ትሄዳለች። ዘብ አትቆምም። ጭቃው ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ልጅ አድጎ ወጥቷል። በቢላ ፈቅፍቃችሁ ግድግዳውን ማጠብ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አትናቁ። ይህቺ ተርብ ባዶ ቱቦ ሁሉ ለእሷ የተሠራ ይመስላታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 1996 ቢርገንኤር የተባለ የቱርክ ኩባንያ አውሮፕላን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካለችው ፖርቶ ፕላታ ተነሥቶ ባሕር ላይ ወድቆ 189ኙም ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎቹ ለፍጥነት መለኪያው የተሳሳተ ንባብ ምክንያት ይሆናል ያሉት የአየር መለኪያ ቱቦው መደፈኑን ነው፤ የደፈነውም የጭቃ ተርብ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አውሮፕላኑ ለቀናት ቱቦው ሳይሸፈን ቆሞ ነበር። በእኛ ቤት የዚህ ታናሽ ወንድም የጋዝ ማሞቂያ ጭስ ማውጫና ወራት ሳይነካ የተቀመጠ የጋዝ ምድጃ ነው። ከመለኮስ በፊት ቱቦውን ማየት ደግ ነው።

ጎጆው ገና ትንሽ ነው። ላንሳው ወይስ ልተወው?

ሰው የማይደርስበት ዛፍ ላይ ወይም ከግቢው ጫፍ ከሆነ ተዉት። የበር ራስ ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ወይም ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ከሆነ ግን አሁኑኑ። «ትንሽ ቆይ እንየው» የሚባል ነገር እዚህ አያዋጣም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎጆውን ብዙ ጊዜ የምትጀምረው አንዲት ንግሥት ብቻዋን ናት። ትሠራለች፣ ትጥላለች፣ ታድናለች፣ ትመግባለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። በዚያ ወር ውስጥ ተቃዋሚያችሁ አንዲት ናት፤ እሷም ብትሞት ሁሉም ነገር ስለሚያበቃ ከመዋጋት መሸሽ ይቀናታል። ለመብል ስትወጣ ጠብቃችሁ ያችን የሳንቲም ያህል ጎጆ በረጅም መጥረጊያ ማውረድ ነው። ዘንጓ የተጣበቀችበትን ቦታ በሳሙና እጠቡት። እዚያው ልትመለስ ትችላለች፤ በማግሥቱም፣ በሠልስቱም እዩ። ሦስቴ ከፈረሰባት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።

ሠራተኞች ከወጡ በኋላስ?

የወረቀት ተርብ ከሆነችና መሬት ላይ ቆማችሁ የምትደርሱበት ከሆነ፣ እንዲሁም በቤቱ ውስጥ ለንድፊያ አለርጂ ያለበት ሰው ከሌለ፣ በራስ መሥራት ይቻላል። ሰዓቱ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያኔ ሁሉም ቤታቸው ናቸው፣ ብርዱም ያፈዛቸዋል።

አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ሳሙናው ውሃው እንዲጣበቅባቸውና መተንፈሻቸው ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል። ራቅ አድርጎ በሚረጭ ዕቃ ጎጆውን በደንብ ማራስ ነው። ፍሊት የምትጠቀሙ ከሆነ ለተርብ የተሠራው ይሻላል፤ ብዙ ሜትር ርቆ እንዲወነጨፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን። በአቅራቢያ እሳት አይኑር። ዓሣ ካላችሁ ገንዳውን ሸፍኑ፣ ድመቷንም አስገቧት፤ ብዙዎቹ መርዞች ለሁለቱም ክፉ ናቸው።

ልብስ፦ እጅጌ ረጅም፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ የገባ፣ ጓንት፣ መነጽር። የእጅ ባትሪውን በእጃችሁ አትያዙ፤ የሚነሡት ወደ ብርሃኑ ነው የሚመጡት። ወለል ላይ ወደ ጎን አስቀምጡት። ተርብ ቀይ ብርሃን በደንብ ስለማታይ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ መጠቅለል ጥሩ ዘዴ ነው። መሸሻ መንገዳችሁን ቀን እያለ አንዴ ተራመዱበት። ጨለማ ውስጥ ባልዲ ላይ ወድቆ እግሩን የተሰበረ ሰው ከተነደፈው የባሰ ነው።

መሰላል ላይ ደግሞ በፍጹም። አንዲት ተርብ ፊታችሁ ላይ ብትመጣ እጃችሁ ይለቃል፤ ያ ነገር በፈቃድ አይደለም።

ቀዳዳውን በሲሚንቶ ብደፍነው አይገላግለኝም?

ይህን ጥያቄ ማን ጠየቀው ካላችሁ እኔ ነኝ። ግድግዳዬ ላይ በአንዲት ስንጥቅ ይገቡ ነበር። ማታ ተነሣሁ፣ ሲሚንቶ በጠበጥኩ፣ ደፈንኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስስብ አሥራ ምናምን ተርብ መስኮቱ ላይ ይርመሰመሳል። በሩን ዘግቼ፣ ሥሩን በፎጣ ወትፌ፣ ከውጭ በመስኮት ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ከአምፖሉ መያዣ ዙሪያ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። የውጩን በር ስዘጋባቸው የውስጡን ከፈቱ። በቃ።

ተርብ እንጨት ፍቃ የምትኖር ፍጡር ናት። ጂፕሰም ቦርድና ቺፑድ ለእሷ ለስላሳ ነው። ተርብ ያለበትን ጎጆ አትድፈኑ። መጀመሪያ ይጥፋ፣ ከዚያ ለጥቂት ቀናት መግባትና መውጣት አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ ድፈኑ።

ላምባ ማፍሰስ፣ ማቃጠል፣ የፈላ ውሃስ?

ላምባና ቤንዚን አፈሩን ይበክላሉ፤ አንዲት የእሳት ብልጭታ ከመጣች ደግሞ ወሬው ስለ ተርብ መሆኑ ይቀራል። ጎጆው ወረቀት ነው፣ ከጣሪያ ሥር ወረቀት ማቃጠል ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ጉድጓዱ ጠመዝማዛ ስለሚሆን ታች ድረስ አይወርድም። የተረፉትን አናድዶ ይመለሳል።

መቼ ነው ባለሙያ የምጠራው?

ጎጆው ግድግዳ፣ ኮርኒስ ወይም መሬት ውስጥ ከሆነ። ከቁመታችሁ በላይ ከሆነ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ከሆነ፤ እዚያ ፈሳሽ የሚባል ነገር አይረጭም። ግዙፏ ከሆነች። ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ።

ስትጠሩ መግቢያውን ራሳችሁ አሳዩት። እኔ ከሲሚንቶው ጉድ በኋላ የጠራሁት ሰውዬ የት እንደሚገቡ እንኳ ሳይጠይቅ ግድግዳውን ሁሉ ረጭቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመለሱ። ሁለተኛው ሰው ቁጭ ብሎ ሩብ ሰዓት አየ፣ ቀዳዳው ውስጥ የመርዝ ዱቄት ነፋ፣ አለቀ። ዱቄቱን ሠራተኞቹ ራሳቸው በእግራቸው ወደ ውስጥ ይዘውት ይገባሉ። ሳያይ የሚረጭ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ከመጀመሪያው እንዳይሠሩ ምን ላድርግ?

ተርብ ከቤት የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ዝናብ የማይነካው ጥግ፣ ምግብ፣ ውሃ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ምንም አያስወጣም፤ በሳምንት አንድ ቀን ቤቱን መዞር። ብርዱ ሲያልፍ መጀመር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሞቅ አገር ከሆነ ዓመቱን ሙሉ። ቀና ብላችሁ የጣሪያውን ጠርዝ ከሥሩ እዩ። የመስኮት ራስ፣ የበረንዳ አግዳሚ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ጀርባ፣ የውሃ ታንከር ሥር፣ የቆጣሪ ሳጥን፣ ከዓመት ዓመት የማይከፈተው መስኮት። የብረት በርና አጥር ቱቦ ጫፉ ክፍት ከሆነ ለወረቀት ተርብ የተመቻቸ አፓርታማ ነው፤ በላስቲክ ክዳን ዝጉት። ሸረሪት ድር በምትጠርጉበት መጥረጊያ ጥጎቹን ማበስ ራሱ ጅምር ጎጆ ያነሣል።

ስንጥቅ በሲሊኮን ወይም በስቱኮ ይደፈናል። የአየር መተላለፊያ ግን አይደፈንም፣ ቤቱ መተንፈስ አለበት፤ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የብረት ወንፊት ይመታበታል። ይህን ሁሉ ጎጆ በሌለበት ጊዜ ሥሩት። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የአይጥ ጉድጓዶችንም በአፈር ሙሉ፤ አይጥ የለቀቀውን ተርብ ትከራየዋለች።

ምግብን በተመለከተ፣ የቆሻሻ መጣያው ክዳን በደንብ ይገጠም፣ ውስጡም ይታጠብ። የወደቀ ፍራፍሬ ሳይሸት ይለቀም። የውሻው ሳህን በልቶ ሲጨርስ ይነሣ። የምታንጠባጥብ ቧንቧ ትጠገን፤ በድርቅ ወቅት ለተርብ ምንጭ ናት። ተክል ቅጠል ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ አለ ማለት ነው፤ የክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ተርብ ይጠራል፣ እሱን አጥቡት።

ውጭ ተቀምጣችሁ ለስላሳ ስትጠጡ በጣሳ አትጠጡ። ተርቧ ውስጥ ገብታ አትታያችሁም። ግልጽ ብርጭቆ ይሻላል። ውጭ ያደረ ጫማና ጓንትም ሳይራገፍ አይለበስም።

ወጥመድ፣ ሽታ፣ የውሸት ጎጆ ይሠራሉ?

ወጥመድ በከፊል ይሠራል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ራሱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ትከቱበታላችሁ፤ ውስጡ ስኳር ያለው ውሃ፣ ትንሽ ኮምጣጤና ጠብታ ሳሙና። ኮምጣጤው ንብ እንዳትገባ ይረዳል፤ ማር ግን አታድርጉበት፣ ንብ ይጠራል። ሰው ከሚቀመጥበት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ጠረጴዛው ላይ የሚሰቅሉት አሉ፤ እንግዳ ጠርቶ መደበቅ ነው። ወጥመዱ የሚዞሩትን ይቀንሳል እንጂ ጎጆ አያጠፋም።

የናዕናዕ ወይም የቅርንፉድ ዘይት ሽታው እስካለ ድረስ ሊያርቃቸው ይችላል። ሽታው ግን ቶሎ ይተናል። ተንጠልጥሎ የሚሸጠው የውሸት ጎጆ ላይ እምነት የለኝም፤ ከጎኑ ሲሠሩ አይቻለሁ። በድምፅ ያባርራል ተብሎ የሚሰካውን ዕቃ ደግሞ ባትገዙት ይሻላል።

በወቅቱ መጨረሻ ላይ ለምን እንዲህ ያብዳሉ?

ተርበው ነው። ነገሩ ጉደኛ ነው፤ ያደገች ተርብ ሥጋ አትበላም ማለት ይቻላል። አባጨጓሬና ዝንብ የምታድነው ለእጮቹ ነው። እጮቹ በለውጡ ጣፋጭ ፈሳሽ ከአፋቸው ይሰጧታል። ብርድ ባለበት አገር ወቅቱ ሲያልቅ ንግሥቲቱ መጣል ታቆማለች፣ እጭ ያልቃል፣ ጣፋጩም ይቋረጣል። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ስኳር ፍለጋ ይበተናሉ። ብርዱ ሲመጣ እነሱ ይሞታሉ፤ ከወንድ ጋር የተዳቀሉት አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ በቅርፊትና በጣሪያ ሥር ተሸጉጠው ያልፋሉ። ሞቃት አገር ላይ ግን ጎጆው ከዓመት ወደ ዓመት ሊዘልቅ ስለሚችል «ብርዱ ይጨርስልኛል» የሚለው አይሠራም።

ብነደፍ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከቦታው ራቁ፣ ሳትወራጩ። ተርብ እንደ ንብ መንደፊያዋን ትታ አትሄድም፤ ደጋግማ መንደፍ ትችላለች። መንደፊያ ቆዳችሁ ላይ ከቀረ የነደፈቻችሁ ንብ ሳትሆን አትቀርም፤ በምንም ይሁን በምን በፍጥነት አውጡት።

ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ አሥር ደቂቃ መያዝ። እጅ ከሆነ ቀለበት ሳያብጥ ይውለቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ለማሳከኩ አንቲሂስታሚን ይረዳል። ሽንኩርትና ኮምጣጤ መቀባት መርዙ ቆዳ ሥር ስለገባ ብዙም አይደርስበትም። ጭቃ ግን አትቀቡ፤ ቁስል ላይ አፈር ነው። እብጠቱ በማግሥቱ ሊብስ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥ። ከቀናት በኋላ መቅላቱ እየሰፋ ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይየው።

የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ከተነደፈው ቦታ ርቆ መላ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ድምፅ መጎርነን፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ይህ አናፊላክሲስ የሚባለው መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ከባድ አለርጂ ነው፤ መድኃኒቱ አድሬናሊን እንጂ አንቲሂስታሚን አይደለም። የራሱ መርፌ ያለው ሰው ወዲያው በጭኑ ውጫዊ ጎን ይወጋ። አምቡላንስ ይጠራ። ሰውየው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈ ሰው አለርጂ ባይኖረውም ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ብዙ ጊዜ የተነደፈም እንዲሁ፣ በተለይ ሕፃን፤ የመርዙ ብዛት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አንዴ ከባድ አለርጂ ያጋጠመው ሰው ስለ ክትባት መሰሉ ሕክምና ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የተርብ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰጠ ሰውነትን የሚያለማምድ ነው፣ ጥሩም ይሠራል።

ለመሆኑ ተርብ ለምን ትጠቅማለች?

አትክልት ላይ ያለውን አባጨጓሬ ትለቅማለች። ይህን ያህል ብቻ ቢሆን በቂ ነበር። ግን የማትናደፍና በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ዘመድም አላት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፍሪካ ውስጥ የካሳቫን ተክል የፈጀ ነጭ ተባይ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተርብ ተለቅቃበት ነው የተገታው። ሥራውን የመራው ሐንስ ሄረን በ1995 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ስለዚህ ከዛፍ ጫፍ ያለችውን ተዉልኝ።

ባዶውን ጎጆ ካላነሣሁት ይመለሱበታል?

ብዙዎቹ አሮጌ ጎጆ አይገቡበትም፣ አዲስ ይሠራሉ። ቦታውን ግን ይወዱታል፤ አምና የሠሩበት ጥግ ዘንድሮም ይታይ። ጎጆውን የምታወርዱት ምንም ነገር እንደማይወጣና እንደማይገባ ለሳምንት ካያችሁ በኋላ ነው።

ስታወርዱት ሳትጥሉት ትንሽ ቅደዱለት። በጣታችሁ ስታሹት ልክ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ግራጫ፣ ነጣ ያለ፣ ቡናማ መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር ከሌላ እንጨት የመጣ አንድ አፍ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሬኦሚር ይህን አይቶ ነው በ1719 (እ.ኤ.አ.) ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ወረቀት ከእንጨትም ሊሠራ እንደሚችል ተርብ ታስተምረናለች ያለው። ያኔ ሰው ወረቀት የሚሠራው ከጨርቅ ቡትቶ ነበር። የእኔን ጎጆ ስቀድ አንዱ መስመር አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። የግቢ በሬን ቀለም ነበር።